ልባጥና ለበጣ፦ ከፈርዖን ሣጥን እስከ አባቴ ራዲዮ



ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ከአገር ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ ሻንጣውን ከፍቶ በርበሬና ሽሮ ያወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ በጋቢ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አንሥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝ። ጋቢው ሲገለጥ የአባታችን ራዲዮ ሆና ተገኘች። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ወንድሜም «ያንተ ድርሻ ይህች ናት» አለኝ።

ራዲዮዋ ጀርመን ሠራሽ፣ ባለ አምፖል፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ ናት። ልጅ ሳለሁ ደሴ በነበረው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ እናቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል ለብሳ ኮመዲኖ ላይ ትቀመጥ ነበር። በደርግ ዘመን አባቴ ማታ ማታ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮውን ፊቷ ላይ ለጥፎ ያዳምጣት ነበር። አንዳንዴ እ.ኤ.አ. በ1965 የአማርኛ ሥርጭት የጀመረውን የጀርመን ድምፅን፣ አንዳንዴም በ1982 የጀመረውን የአሜሪካ ድምፅን ይሰማል። እኛ ልጆች ትንፍሽ ማለት አይፈቀድልንም። እርሱ የሚሰማውን እኔ አልሰማም ነበር፤ እኔ የማየው ፊቷን ነው። የጣቢያዎቹ ስም የተጻፈበት መስታወት ከውስጥ ብርሃን ሲያገኝ፣ ዙሪያውን ያለው ቡናማ እንጨት እንደ እሳት ነበልባል የተንቦገቦገ ይመስለኝ ነበር። ራዲዮዋ ከአንድ ትልቅ ግንድ ተፈልፍላ የወጣች ነበር የምትመስለኝ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ስትቀመጥ ግን ያ ፊት የለም። የስንት ክረምት እርጥበት ሰርጎበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፏል። ቀስ ብዬ ብነካው ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ስስ እንጨት በእጄ ቀረ። ከሥሩ ብቅ ያለው ገርጣ ያለ፣ ርካሽ፣ ለማገዶ የሚመስል እንጨት ነው። ለካስ ዕድሜ ልኬን ያደነቅሁት ነገር ቆዳ ብቻ ኖሯል! እውነቱን ለመናገር እንደ ተታለለ ሰው ከፋኝ።

አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ነበር፤ ዛሬ ታክሲ ነጂ ነኝ። የአስተማሪነት አመል ግን አይለቅምና፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተራዬን ስጠብቅ ስለዚህ ስስ እንጨት ማንበብ ያዝሁ። ለራዲዮዋም በገዛ እጄ አዲስ ፊት ልሠራላት ቆረጥሁ። ይህች ጽሑፍ የንባቡና የሙከራው ውጤት ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ሥር ያላቸው ሁለት ቃላት

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ ቬኒር ይሉታል። ውድና ውብ የሆነውን እንጨት እንደ ወረቀት አሳስቶ፣ ዋጋው ዝቅ ባለ እንጨት ላይ በሙጫ መለጠፍ ማለት ነው። በአማርኛችን ደግሞ «ለበጠ» የሚል ጥሩ ግስ አለን፤ አንዱን ነገር በሌላው ሸፈነ፣ አለበሰ ማለት ነው። ሥራው ልባጥ ይባላል። ነገር ግን ከዚያው ሥር የወጣ «ለበጣ» የሚል ቃልም አለ። የለበጣ ሳቅ ስንል ከጥርስ እንጂ ከልብ ያልወጣውን ሳቅ ማለታችን ነው።

የእንግሊዞቹም ቃል የገጠመው ዕጣ ይኸው ነው። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1864 እና በ1865 በተከታታይ ባወጣው ልብ ወለድ ውስጥ፣ በቅርቡ ለከበሩና ሁለመናቸው ለታይታ ለሆነ ባልና ሚስት «ቬኒሪንግ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። እንግዲህ የማይተዋወቁ ሁለት ሕዝቦች፣ በየራሳቸው ቋንቋ ይህን ሥራ በጥርጣሬ ዓይን አይተውታል ማለት ነው። ጥያቄው ታዲያ ይህ ነው፦ ልባጥ ሁሉ ለበጣ ነውን?

የፑንት ዞጲ

ልባጥን በሰፊው የሠሩት የጥንት ግብፃውያን ናቸው። ምክንያቱም ችግር ነው። አገራቸው የአባይ ውኃ እንጂ ደን አልነበረውም። ያሏቸው ግራርን፣ ሾላንና የመሳሰሉትን ነው፤ እነዚህም አጫጭር፣ ጠማማና ጉጥ የበዛባቸው ናቸው። ጥሩ ጥሩውን እንጨት ከሩቅ ያስመጡ ነበር፤ ዝግባ መሰሉን አርዘ ሊባኖስ ከሰሜን፣ ጥቁሩን ዞጲ ደግሞ ከደቡብ። በዚህ ያህል ድካም የመጣን እንጨት ማን ደፍሮ በወፍራሙ ይጠቀምበታል? ስለዚህ እያሳሱ መለጠፍን ተማሩ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ደጃፍ ይደርሳል። ከዛሬ 3,500 ዓመት ገደማ በፊት ንግሥት ሐትሼፕሱት ፑንት ወደሚባል አገር መርከቦች ልካ ነበር። መርከቦቹ ይዘው የተመለሱት ዕጣን፣ ወርቅ፣ ዝንጀሮና ዞጲ በዴር ኤል ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል። ፑንት የት እንደ ነበረች ምሁራን ብዙ ተከራክረዋል። በ2020 እና በ2023 የወጡ ጥናቶች ግን ግብፃውያኑ መድኃኒት ቀብተው ያቆዩአቸውን የዝንጀሮ አስከሬኖች መርምረው፣ እንስሶቹ ከእኛው የአፍሪካ ቀንድ፣ በተለይም ከቀይ ባሕር ዳርቻ አካባቢ የሄዱ መሆናቸውን አመልክተዋል። ግብፃውያኑ ዞጲን «ህብኒ» ይሉት ነበር፤ ግሪኮቹ ያንን ወስደው «ኤቤኖስ» አሉት፤ ዛሬ እንግሊዞች «ኤበኒ» የሚሉትም ከዚያው የወረደ ነው።

ሬኽሚሬ በተባለው የግብፅ ሹም መቃብር ግድግዳ ላይ አናጢዎች ሲለብጡ የሚያሳይ ሥዕል አለ። ጥቁሩን ስስ እንጨት ነጣ ባለው ሳንቃ ላይ ሲለጥፉ፣ የሙጫውም ማሰሮ እሳት ላይ ተጥዶ ይታያል። ሙጫው ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ የሚሠራ ነው። በ1922 በተከፈተው የቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ ከተገኙት ሣጥኖች አንዱ ከ40,000 በላይ በሆኑ ጥቃቅን የዞጲና የዝሆን ጥርስ ቁርጥራጮች ያጌጠ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሳቃራ ላይ የተገኘው፣ ዕድሜው 4,600 ዓመት የሚጠጋው የሬሳ ሣጥን ነው። ግድግዳው ስድስት ስስ የእንጨት ንብርብር ሲሆን፣ የአንዱ ንብርብር ጅማት ወደ ላይ ሲሄድ የሚቀጥለው ወደ ጎን ይሄዳል። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ አያርፍም፤ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ወደ ርዝመቱ ግን እምብዛም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ንብርብሮቹ አግድምና ቁም ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀምጠዋል። ዛሬ አናጢዎቻችን ኮምፔንሳቶ የሚሉት እንጨት አሠራሩ ይኸው ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ ከግብፅ የወጣው ሙሴም ታቦቱን ከግራር እንጨት ሠርቶ በወርቅ እንዲለብጠው ሲታዘዝ፣ በውጭ ብቻ ሳይሆን በውስጥም እንዲለብጥ እንደ ተነገረው እናውቃለን። ይህችን «በውስጥም በውጭም» የምትል ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ስደተኛው መሐንዲስ

ከግብፅ ጥበቡ ወደ ሮም ተሻገረ፤ ሐሜቱም አብሮት ተሻገረ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ሰዎች አንዱን ዛፍ ብዙ ጊዜ ለመሸጥ ሲሉ ርካሹን እንጨት በውዱ መሸፈን እንደ ፈለሰፉ ጽፎ በቅንጦታቸው ተዘባብቷል። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመናት ልባጥ የነገሥታትና የመሳፍንት ዕቃ ሆኖ ኖረ። ሁለት ሰዎች ከላይና ከታች መጋዝ ይዘው ግንዱን በእጅ ሲሰነጥቁ፣ አንዱ ቅጠል ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ መጋዙ በልቶ ሰጋቱራ የሚያደርገውም ቀላል አይደለም።

ይህን የለወጠው እንደ እኛ ያለ አንድ ስደተኛ ነው። ማርክ ኢሳምባርድ ብሩኔል በ1769 ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ተወለደ። የንጉሡ ደጋፊ ስለ ነበር አብዮቱ ሲፋፋም በ1793 ነፍሱን ለማዳን ወደ ኒውዮርክ ኮበለለ። በ1796 አሜሪካዊ ዜግነት አገኘ፤ የኒውዮርክ ከተማ ዋና መሐንዲስ እስከ መሆንም ደረሰ። በ1799 ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እዚያም በ1806 ልባጥ መሰንጠቂያ መጋዝ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ለንደን አጠገብ ባተርሲ በሚባለው ሠፈርም ግዙፍ ክብ መጋዞች የሚሽከረከሩበት ፋብሪካ ከፈተ። ማሆጋኒውና ሮዝውዱ ከሰው እጅ በማይወጣ ስስነትና እኩልነት ይቆረጥ ጀመር።

የስደተኛ ኑሮ ግን ሁልጊዜ ቀና አይደለም። ፋብሪካው በ1814 ተቃጠለ፤ ዕዳውም ተከማችቶ በ1821 ብሩኔል ከነሚስቱ የባለ ዕዳዎች እስር ቤት ገባ። ኋላ ላይ መንግሥት ዕዳውን እንዲከፍል ገንዘብ ሰጥቶ አስወጣው፤ እርሱም በ1843 የተከፈተውን በቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፍ ዋሻ ሠርቶ ስሙን አስጠራ። በ1821 እስር ቤት በር ላይ ያየው ሰው በ1841 የ«ሰር» ማዕረግ ያገኛል ብሎ ማን ይገምት ነበር!

ከብሩኔል በኋላ በመጋዝ ፋንታ ግንዱን በቢላ እየላጡ ማውጣት መጣ። በዚህ አሠራር ሰጋቱራ የሚባል ብክነት የለም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ልባጥ ውፍረቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ልባጥ ረከሰ፤ የነገሥታቱ ጠረጴዛ የጸሐፊውና የሱቅ ነጋዴው ቤት ገባ። ነገር ሲረክስ ደግሞ ተንኮለኛ ይበዛበታልና፣ ውስጡ የተበላሸውን ዕቃ በስስ ማሆጋኒ ሸፍኖ የሚሸጠው ሁሉ ተነሣ። ቃሉ ክፉ ስም ያወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ጥፋቱ የለባጩ እንጂ የልባጡ አልነበረም።

መሣሪያው ሳሎን ሲገባ

እስካሁን ያወራነው ስለ ሣጥንና ስለ ጠረጴዛ ነው። ማሽን እንጨት የለበሰው ለምንድን ነው?

የመጀመሪያው ምሳሌ የሸክላ ማጫወቻው ነው። ድሮ ግራማፎን ትልቅ የብረት ጡሩንባ ነበረው፤ አቧራ ይይዛል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ዓይን ይወጋል። በ1906 ቪክተር የተባለው ኩባንያ ጡሩንባውን አጥፎ በማሆጋኒ ቁም ሣጥን ውስጥ ደበቀውና «ቪክትሮላ» ብሎ በ200 ዶላር ሸጠው። 200 ዶላር በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ገዢ አላጣም። ሰዎች ሙዚቃውን ፈልገው ማሽኑን ጠልተው ኖሯል።

ራዲዮም እንዲሁ ነው። ፒትስበርግ የሚገኘው ኬ.ዲ.ኬ.ኤ. ጣቢያ ኅዳር 2 ቀን 1920 የምርጫ ውጤት ካሰራጨ በኋላ ሕዝቡ ራዲዮ ለመግዛት ተረባረበ። የዚያን ጊዜው ራዲዮ ግን የላቦራቶሪ ዕቃ ይመስላል። አትዋተር ኬንት የተባለው ፋብሪካ በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሸጣቸው ራዲዮዎች ጭራሽ ሣጥን አልነበራቸውም፤ አምፖሉና ሽቦው አንድ ሳንቃ ላይ ተደርድሮ እርቃኑን ይሸጥ ነበር። የሌሎቹ ራዲዮዎች ፊት ብዙውን ጊዜ ኤቦናይት ነበር፤ ይህም ጎማን በድኝ አጠንክሮ የሚሠራ ጥቁር ነገር ነው። ስሙን ያገኘው ከየት ይመስላችኋል? ዞጲን ስለሚመስል ከኤበኒ ነው። የፑንት እንጨት ስሟ ብቻ ተርፎ ራዲዮ ፊት ላይ ወጣ ማለት ነው።

በዚያ ላይ እነዚህ ራዲዮዎች የሚሠሩት አሲድ ባለው ባትሪ ነው። አሲዱ ምንጣፍ ያቃጥላል። የቤት እመቤቷ ይህን ሳሎኗ ውስጥ አታስገባም፤ ቦታው ጓዳ ወይም የወንዶቹ መሥሪያ ክፍል ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ራዲዮ ሲመጣ ባትሪው ቀረ፤ ሠሪዎቹም ልብስ ይሰፉለት ጀመር። በ1930 ኢኮኖሚው ወድቆ ሕዝቡ ሥራ ባጣበት ሰዓት፣ ፊልኮ የተባለው የፊላደልፊያ ፋብሪካ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ አናቷ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የቀስት ቅርፅ ያላት ራዲዮ በ50 ዶላር ገደማ አወጣ። ቅርፁን ወፍራም እንጨት ጠርቦ ማውጣት ያስከስር ነበር፤ ስስ እንጨት ግን በቀላሉ ይታጠፋል። ሕዝቡም «ካቴድራል» አላት፤ በብዛት ተሸጠች።

ፊቷን ያሳመረው ሌላው ዘዴ የሚከተለው ነው። ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተላጡ ሁለት ቅጠሎች መልካቸው አንድ ነው። እነዚህን መጽሐፍ እንደሚገለጥ ገልጦ ጎን ለጎን ቢያጣብቋቸው፣ የግራው የቀኙ ነጸብራቅ ይሆናል። እኔ በልጅነቴ እሳት የመሰለኝ ነበልባል ይህ ኖሯል። ይባስ ብለው ደግሞ በ1930ዎቹ አንዳንድ ፋብሪካዎች የውድ እንጨት ፎቶግራፍ አሳትመው ርካሽ እንጨት ላይ ለጠፉ። ይህ እንግዲህ የልባጥ ልባጥ ነው።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ናዚዎች በ1933 ያወጡት «የሕዝብ ራዲዮ» በባክላይት ሣጥን የተሠራ፣ ዋጋው 76 ማርክ ብቻ የሆነ መሣሪያ ነበር። ባክላይትን በ1907 የፈለሰፈው ከቤልጅግ ወደ አሜሪካ የፈለሰው ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ነው። ራዲዮው ላይ የተጻፈው 301 የሚል ቁጥር ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ጥር 30ን ያስታውሳል። ፊት ሁልጊዜ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የማን ድምፅ ቤታችሁ እንደ ገባም ይናገራል።

በእኛም አገር የአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ጥር 1935 ተመረቀ። በዚያው ዓመት የጣልያን ወረራ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በራዲዮ ለዓለም ንግግር አሰሙ። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን ጥቁር አሜሪካውያን የጦርነቱን ወሬ ከጋዜጣ ሌላ በራዲዮም ሲከታተሉ፣ ብዙዎቹ የተከበቡባት መሣሪያ እንዲህ ያለችው ፊቷ ዋልነት የለበሰች ራዲዮ ነበረች ብል ከእውነት አልርቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የወጣው

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ፋብሪካዎች እንደ አባቴ ራዲዮ ያሉትን፣ በቫርኒሽ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ራዲዮዎች በብዛት ሠሩ። ዘመናቸው ግን አጭር ነበር። በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር አምፖልን ተካ፤ በ1954 አሜሪካ ውስጥ ኪስ የምትገባ የፕላስቲክ ራዲዮ ወጣች። በ1956 ደግሞ ዲተር ራምስና ሃንስ ጉጌሎት ለብራውን ኩባንያ ነጭ ብረት አካል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን ያለው ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ነደፉ። እንጨቱን ግን ጨርሰው አልጣሉትም፤ ግራና ቀኙን አስቀሩት። ሰው «የበረዶዋ ልዕልት የሬሳ ሣጥን» እያለ ቀለደበት፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ስንቶቻችን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ስንጠጣ፣ በዓለም የታወቀው የማኪንቶሽ የድምፅ ማጉያ ኩባንያ በ1949 የተመሠረተው እዚያው እንደ ነበረ እናውቃለን? በ1951 ወደ ኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ቢንግሃምተን ሄደ። እርሱ ፊቱን ኋላ ላይ መስታወት አደረገው፤ ሌሎቹ አሉሚኒየም አደረጉት። እንጨቱ ለፈለገ ብቻ ለብቻው የሚሸጥ ካባ ሆነ። ሆኖም ናፍቆቱ አልጠፋም። በ1977 የወጣው የአታሪ የቴሌቪዥን ጨዋታ ማሽን እንኳ ፊቱ ላይ እንጨት መሳይ ነገር ተለጥፎበት ነበር። የምነዳት ታክሲም ዳሽቦርዷ ላይ እንጨት መሳይ ፕላስቲክ አላት። እውነተኛው እንጨት ደግሞ እየተመናመነ ሄዶ፣ ዞጲያችንን ጨምሮ የሮዝውድ ወገን ሁሉ ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዱ ቁጥጥር ተደርጎበታል።

አዲስ ፊት ስሠራ

አሁን ወደ ራዲዮዬ ልመለስ። ውስጧን ሙያ ላለው ሰው ሰጠሁ፤ ባለ አምፖል ራዲዮ ከሶኬት ከተነቀለች በኋላም ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ልትይዝ ትችላለችና፣ ያልተማረ ሰው እጁን ባያስገባ ይሻላል። እርሱም ያረጁትን ነገሮች ቀይሮ፣ ከኋላዋ ያለውን መምረጫ ከ220 ወደ 110 ቮልት አዞረልኝ። ፊቷ የእኔ ሥራ ሆነ።

የአሮጌውን ፊት ቅርፅ፣ የመስታወቱን ቦታና የመዘውሮቹን ቀዳዳ ካርቶን ላይ ነደፍሁ። በዚያው ልክ ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ ቆረጥሁ። ዋንዛ ልባጥ ፈልጌ ስላጣሁ ተከታታይ ሁለት የዋልነት ቅጠሎች ገዛሁ፤ እንደ መጽሐፍ ገልጬ፣ ጠርዛቸውን በብረት ማስመሪያና በምላጭ አስተካክዬ ገጠምኋቸው። ኮላውን በሳንቃውም በልባጡም ላይ ቀባሁና እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከዚያ ጨርቅ ጣል አድርጌ፣ ከመሐል ወደ ዳር በጋለ ካውያ እንደ ሸሚዝ ተኮስሁት። ኮላው ሲሞቅ ይቀልጥና ይይዛል። በጥፍር መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ካለ አልያዘም ማለት ስለሆነ እንደገና ይተኮሳል። ቀዳዳዎቹንም በስለታም ፑንታ፣ ከሥር ትርፍ እንጨት ደግፌ በሳሁ፤ ያለ ድጋፍ ጀርባው ይገነጠላል።

ሲያልቅ ያ የልጅነቴ ነበልባል ፊቴ ቆመ። ደስ ብሎኝ ለሌሊት ሥራ ወጣሁ። ጎህ ሲቀድ ብመለስ ሳንቃዋ እንደ ደጋን ጎብጣ ጠበቀችኝ። ባቀናት ትመለሳለች፤ ብጫናት ትመለሳለች።

ተስፋ ቆርጬ በአገር ቤት ዕድሜያቸውን ሁሉ በአናጢነት ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ይዣት ሄድሁ። ሳንቃዋን ገለበጧትና፦

«ጀርባዋንስ ምን አለበስኻት?» አሉኝ።

«ጀርባዋን ማን ያየዋል ጋሼ?» አልሁ።

«ማንም አያየውም። እንጨቱ ግን ያውቀዋል» አሉና ሳቁ፤ የለበጣ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ አስረዱኝ። ልባጡ ከኮላው እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና ሳንቃውን ወደ ራሱ ይጎትታል። በአንድ ወገን ብቻ ከተጎተተ ሳንቃው ይጎብጣል። መድኃኒቱ ጀርባውንም በዚያው ውፍረት፣ በዚያው የጅማት አቅጣጫ መለበጥ ነው። የጀርባው እንጨት እንደ ፊቱ ያማረ ባይሆንም ግድ የለም፤ መኖር ግን አለበት። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲጎትቱ ሳንቃው ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ሁለተኛውን እንደ ነገሩኝ ሠራሁ። ፊትና ጀርባውን ለብጬ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ሳንቃዎች መሐል አድርጌ፣ ከላይ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ጭኜ አሳደርሁት። ጠዋት ቀጥ ብሏል። በ180፣ ቀጥሎም በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ በጅማቱ አቅጣጫ፣ እጄን ቀለል አድርጌ አለሰለስሁት፤ ልባጡ ስስ ነውና ከበረቱበት ያልቃል። ሦስት ጊዜ ስስ ቫርኒሽ ቀባሁት።

ጀርባውስ?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ ስለ ሳንቃ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ አባቴ በስልክ ባገኘኝ ቁጥር «ማስተማሩ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር። እኔም «ደኅና ነው አባዬ» እል ነበር። አንድ ጊዜም ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ አንድ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆሜ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ልኬለታለሁ። ታክሲ መንዳት ነውር ሆኖ አይደለም፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት ንጹሕ እንጀራ ነው። ያልነገርሁት ኩራት ይዞኝ ነው። እንደዚህ እንደ ሆነ አባቴ አረፈ።

አዲሱን ፊት በብሎን ሳስር ወንድሜ አጠገቤ ነበር። ነገሩ ከብዶኝ ነገርሁት። ገና ሳልጨርስ «አባዬ ያውቅ ነበር እኮ» አለኝ። «ሰው ከነገረው ቆይቷል። አንተ ራስህ እስክትነግረው ነበር የሚጠብቀው።» በጨለማ ጆሮውን ለጥፎ የሩቅ ድምፅ ለይቶ የሚሰማ ሰው፣ የልጁን ድምፅ አይለይም ብዬ እንዴት አሰብሁ!

የሰው መኪና ተደግፈን የምንልከው ፎቶግራፍ፣ ሁለት ፈረቃ ሠርተን የላክነውን ገንዘብ ከዛፍ እንደ ለቀምነው አስመስለን መናገራችን፣ ይህ ሁሉ የፊት ልባጥ ነው። አይጠላም፤ ሰው ያለ ልብስ አይወጣም። ሳሎን መግባት የፈለገው ማሽን እንኳ እንጨት ለብሶ ነው የገባው። ፊት አሳምረን ጀርባውን ባዶ ስንተው ግን መጉበጥ አይቀርልንም። ፊቱ ያማረ ሆኖ ጀርባውም በእውነት ከተያዘ ልባጥ ነው፤ ፊቱ ብቻ ከሆነ ለበጣ ነው። ግብፃዊውም፣ ሙሴም፣ ሽማግሌው አናጢም የነገሩን ይህንኑ ይመስለኛል፤ በውስጥም በውጭም።

ራዲዮዋ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ናት። ስከፍታት መስታወቷ ቀስ ብሎ ይፈካል፤ ሮማ፣ ፓሪስ፣ ሂልቨርሰም የሚሉት ስሞች ይነበባሉ። ከምትሰጠኝ ድምፅ አብዛኛው ሽውታ ነው። ፊቷን ያየ እንግዳ ሁሉ ያደንቃታል። ጀርባዋን ግን ከእኔና ከወንድሜ በቀር ማንም አላየውም። ከማሰሬ በፊት እዚያ ላይ በእርሳስ «አባዬ፣ ታክሲ ነጂው ልጅህ ሠራት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ቸር ሰንብቱ።